መርዶ በስልክ አይነገርም ነበር

መጋቢት 27 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ እናቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ነጠላዋን አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር። ኮሮና በኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሰው መግደሉ ተነገረ። የ60 ዓመት ሴት ናቸው ተባለ። እናቴ «እኩያዬ» አለች። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ነፍስ ይማር» አለች። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ተነሥታ ጓዳ ገባች፣ ሊጡን ከደነች፣ ተኛች።

እኔ አልተኛሁም። ዜናውን ከእሷ በፊት ስልኬ ላይ አይቼው ነበር። ደግሜ አየሁት። ከሥሩ የተጻፈውን አስተያየት ሁሉ አነበብኩ። ከዚያ ጣሊያን ሄድኩ፤ የቤርጋሞን አስከሬኖች በሌሊት የጫኑትን የወታደር መኪኖች እንደገና አየኋቸው። ከዚያ ኒውዮርክ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ፣ ስለማላውቀው ከተማ ሆስፒታል፣ ስለማላውቀው ማሽን እጥረት አነብ ነበር። ጠዋት ራሴን አሞኝ ስነሣ እናቴ እንጀራ ጋግራ ጨርሳለች።

አንድ ቤት ነን። የሰማነው አንድ ዜና ነው። እሷ አለቀሰችና ተኛች፤ እኔ ነጋብኝ። ይህ ነገር ዓመታት አልፈው እንኳ ከአእምሮዬ አልወጣም። ያኔ «እሷ አልገባትም» ብዬ ነበር። ተሳስቼ ነበር። ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚያዝ ከእኔ በተሻለ ታውቅ ነበር።

እኛ አገር ለክፉ ወሬ ወግ አለው። መርዶ እንደተገኘ አይወረወርም። ሰው ሞቶ ዘመዱ ሩቅ ካለ መጀመሪያ የሚመከረው «ማን ይንገረው?» ተብሎ ነው። ሰዓት ይመረጣል። አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ ነው፣ ገና ጎህ ሲቀድ። ማታ አይነገርም፤ ሰውየው ሌሊቱን ብቻውን ከሐዘኑ ጋር እንዳያድር። ሥራ ቦታ አይነገርም፤ መንገድ ላይ መኪና እየነዳ አይነገርም። ዜናውን የሰማ ጎረቤት እንኳ አፉን ይዞ ያድራል። ነጋሪዎቹ ሦስት አራት ሆነው ይሄዳሉ። አንዱ የሚወድቀውን ይደግፋል፣ አንዱ ውኃ ያቀብላል። ጩኸቱ እንደተሰማ ጎረቤት ይሞላል። ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀርባል፣ እዝን ይመጣል። ሰልስት አለ። ቀን ያለው፣ መጨረሻ ያለው ነገር ነው።

እንግዲህ ይህንን ወግ ከ2012ቱ ስልካችን ጋር አስተያዩት። መርዶው በማንኛውም ሰዓት ይመጣል። አልጋ ላይ ይመጣል። ብቻችንን ሆነን ነው የምንሰማው። የሚደግፍ የለም፤ ሰልስት የለውም፤ ገና አንዱን አልቅሰን ሳንጨርስ ሌላው ይደርሳል። የሟቾቹን ስም አናውቅም፤ ስለዚህ ለቅሶ መድረስ እንኳ አንችልም። በዚያ ወቅት የብዙዎቻችንን ልብ ያደከመው በሽታው ብቻ አይደለም ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። መርዶ በየቀኑ እየተረዳን፣ መርዶን የምንችልበት ወግ ግን ተወስዶብን ነበር።

ወጉ እንዴት እንደተወሰደ እናስታውስ። የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን መገኘቱ ተነገረ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ። ዶክተር ሊያ ታደሰ የጤና ሚኒስትር ሆነው በተሾሙ ማግስት ማለት ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ለ15 ቀን ነው የተባለው፤ ልጆቹ ወደ ክፍል መመለስ የጀመሩት በ2013 ጥቅምት ነው። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ለአምስት ወር። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ መጨባበጥም ተከለከለ። ሚያዝያ 11 የዋለውን ፋሲካ ብዙው ምእመን ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ተከታትሎ አሳለፈ። ረመዳንም በዚያው ሰሞን ገባ፤ መስጊድ ተዘግቶ፣ ተራዊሕ በየቤቱ ሆነ።

ከአራት ሰው በላይ አይሰብሰብ ሲባል ሕጉ ስብሰባን ብቻ የከለከለ ይመስላል። ቡናንም ከልክሏል። የሰፈር ቡና ደግሞ መጠጥ ብቻ አይደለም። ወሬ የሚጣራበት ቦታ ነው። አንዷ «እንዲህ ሆነ አሉ» ትላለች፤ ሌላዋ «ኧረ ተይ፣ የማን ልጅ ነው ያለሽ?» ትላለች። ሦስተኛዋ «አይ፣ እኔ እንደሰማሁት ድኗል» ትላለች። አቦል ላይ የገባ ክፉ ወሬ በረካ ላይ ሲወጣ ግማሹ ረግፏል። የቀረውን ደግሞ ተካፍለውታል። ቡናው ሲቀር ያ ማጣሪያ ቀረ። የቴሌግራም ቻናል በቦታው ገባ። ቴሌግራም ላይ «ኧረ ተይ» የሚል የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2012 ስለ አእምሮ ጤና ባወጣው ምክር ላይ ዜና መከታተል በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ሰዓት ተለይቶለት ይሁን ብሎ ነበር። ያኔ ሳነበው ቀላል ምክር መስሎኝ አልፌዋለሁ። አሁን ግን የእናቴን የማታ ዜና አስታውሼ ስመለከተው ሌላ ነው። በተወሰነ ሰዓት፣ ከምንጩ፣ ከቤተሰብ ጋር፣ አንድ ጊዜ። መርዶ ነጋሪዎቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው።

ስልኩ ለምን ይህን ያህል እንደሚጎዳም በጥናት የታየ ነገር አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ሲፈነዳ ተመራማሪዎች የሰዎችን ጭንቀት ለኩ። ከፍንዳታው በኋላ ባለው ሳምንት በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለ አደጋው ሲያዩና ሲሰሙ የሰነበቱ ሰዎች፣ በአካል ቦታው ከነበሩት የበለጠ የጭንቀት ምልክት ታየባቸው። እኔ ይህንን ሳነብ ቤርጋሞ ትዝ አለኝ። ጣሊያን ሄጄ አላውቅም። ሰውነቴ ግን በየሌሊቱ እዚያ ነበር።

ምክንያቱ ብዙም አይራቀቅም። ሰውነታችን አደጋ ሲሰማ ለመሮጥ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል። ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። ጅብ መጣ ቢባል ዱላ ይነሣል፣ በር ይዘጋል፣ ከዚያ ጅቡ ይሄዳል፤ ሰውነትም ይረጋጋል። «ዛሬ በስፔን ይህን ያህል ሰው ሞተ» ሲባል ግን ምን ይነሣል? የሚሠራ ነገር የለም። ስለዚህ ዝግጅቱ ሳይፈታ ያድራል። እርግጠኛ ያልሆነ ልብ ደግሞ ተመልሶ ማየት ይፈልጋል፤ ምናልባት አዲሱ ዜና ያሳርፈኝ ይሆናል ብሎ። አያሳርፍም። የባሰ ይጨምርበታል።

የቁጥሩን ነገርም ሳላነሣ አላልፍም፣ ብዙ ሰው ያስጨነቀው እሱ ነውና። «ባለፉት 24 ሰዓታት በተደረገው የላቦራቶሪ ምርመራ» ብሎ የሚጀምረው ሪፖርት ሁለት ዓይነት ቁጥር ነበረው። አንዱ የዕለቱ ነው። ሌላው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተደመረው ነው። የተደመረው ቁጥር በጭራሽ ሊቀንስ አይችልም፤ ሰው ሁሉ ቢድን እንኳ አይቀንስም። አዋጁ ሲታወጅ በአገሪቱ ቫይረሱ የተገኘባቸው 55 ነበሩ፤ በነሐሴ መጨረሻ ከ50 ሺህ በልጠዋል። በእርግጥ በሽታው ተሰራጭቶ ነበር። ግን በነሐሴ የምርመራ ዘመቻም ተካሂዷል፤ ብዙ የመረመረ ብዙ ያገኛል። የሟቾችም ቁጥር ውስጥ ከአስከሬን በተወሰደ ናሙና የተለዩ ሰዎች ይገቡበት ነበር። ይህን የሚያብራራ ሰው በየቤቱ አልነበረም። እኛ ያየነው ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ መሰላል ነው። ሪፖርቱ በየቀኑ መውጣቱ ግን ትልቅ ነገር እንደነበር እመሰክራለሁ። ሳይሸሸግ፣ በአንድ መልክ፣ በየዕለቱ ይነገር ነበር። የጎደለው የሚተረጉምልን ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። እኔ ሌሊቱን በስልክ የምጨነቀው እንጀራ ስላለኝ ነው። ኢትዮጵያ እንደ ጣሊያን ሙሉ በሙሉ ዘግታ አታውቅም። መንግሥት ያን ያላደረገበት ዋና ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ሰው የዕለት ጉርሱን በዕለቱ ወጥቶ ካላገኘ ያድራል ወይ? «በቤት ይቆዩ» የሚለው መልእክት ለሊስትሮው፣ ለቀን ሠራተኛው፣ ጉልት ለምትሸጠው እናት ምን ማለት ነው? ታክሲው በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ዋጋ ሆነ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ክፍት ወንበር ለተሳፋሪው ከኪሱ የወጣ ገንዘብ ነው። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው «ስልክህን አስቀምጥ፣ በረጅሙ ተንፍስ» ብሎ መምከር ነውር ነው። የእሱን ጭንቀት ያቀለለው የተጋራ ማዕድ ነው። አዋጁ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር መከልከሉ ነው። ወገን ወጥቶ ዱቄትና ዘይት በየሰፈሩ ማከፋፈሉ ነው። «ማዕድ ማጋራት» የሚለው ቃል የዚያ ሰሞን ነው። ስለ አእምሮ ጤና ሲወራ እነዚህ ነገሮች ተለይተው «ኢኮኖሚ» ውስጥ መከተታቸው አይገባኝም። መሶቡ ባዶ የሆነበት ሰው እንቅልፍ የሚያጣው በዜና አይደለም።

ደግሞ ዜና ማጣት ዕረፍት እንዳልሆነም አይተናል። ሰኔ 22 ሌሊት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ስልኩ ጸጥ አለ። ያን ሁሉ ወር «ምናለ ይህ ስልክ ቢጠፋ» ስል የነበርኩት ሰውዬ አረፍኩ? አላረፍኩም። ክፍለ ሀገር ያለ ዘመድ ደህና ይሁን አይሁን አላወቅንም። ውጭ ያሉት ደግሞ ስለ እኛ አላወቁም። መደበኛ ስልክ ሲሠራ ደውሎ ያገኘን የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ኮሮና አልነበረም። «አላችሁ?» ነው ያለችው። «አለን» አልናት። አለቀሰች። ወሬ ሲበዛ ያፍናል፤ ሲጠፋ ደግሞ ጭለማ ይሆናል። ልክና መንገድ ነው የሚያስፈልገው።

የአክስቴ ልጅ ዋሽንግተን አካባቢ ናት፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን የከፈሉት ሌላ ዓይነት ዋጋ ነው። ታክሲ የሚነዱ፣ ኤርፖርት የሚሠሩ፣ አዛውንት የሚያጥቡ። ቤት ሆነው መሥራት የማይችሉ ሰዎች ናቸው። እዚያም መርዶ ወግ ነበረው። አገር ቤት ሰው ሲሞት የጓደኛ ስልክ ይደወላል፤ ጓደኞች ተጠራርተው በማለዳ በሩን ያንኳኳሉ። በሩን ከፍቶ ሰዎቹን ገና ሲያይ ይገባዋል። ከ10 ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ያ ማንኳኳት ቀረ። ለቅሶ በዙም ሆነ። የአክስቴ ልጅ እንደነገረችኝ፣ በዙም ለቅሶ ላይ ከሁሉ የሚከብደው መጨረሻው ነው። ሁሉም «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ይወጣል። አንዲት ቀይ ቁልፍ ይጫናል። ከዚያ ሐዘንተኛዋ ከጥቁር ስክሪን ጋር ብቻዋን ትቀራለች። እኛ ጋ ለቅሶ ቤት የሚያድር ሰው ለምን እንደነበረ የገባት ያን ቀን ነው።

በሰኔ ደግሞ የቤይሩት ምስል መጣ። ሊባኖስ ውስጥ ቀጣሪዎቻቸው ያባረሯቸው እህቶቻችን ሻንጣቸውን ይዘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አስፋልት ላይ ተቀምጠው ነበር። ስንት እናት ያን ቪዲዮ ልጄ ትኖርበት ይሆን እያለች እያቆመች እንዳየችው አስቡ።

ታዲያ ምን ያዋጣል? እኛ ቤት የሆነውን ልናገር። በግንቦት ታናሽ እህቴ ቆጣ አለች። እኔ በየሰዓቱ «እንዲህ ተባለ» እያልኩ ሳሎኑን መርዝ አድርጌው ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ ወሬ የምነግራችሁ እኔ ነኝ፣ ያውም በቡና ሰዓት» አለች። እሷ ቀን አንዴ የጤና ሚኒስቴሩን ገጽ ታያለች። 11 ሰዓት ላይ ቡናው ሲፈላ ትነግረናለች። ስንት ሰው እንዳገገመ ሳትነግረን ስንት እንደሞተ አትናገርም። ያልተጣራ ነገር ካለ «አልተጣራም» ትላለች። ጥያቄ ካለን ያኔ የኮሮና መረጃ መስመር ወደነበረው 8335 ደውላ ትጠይቃለች። የቤታችን መርዶ ነጋሪ ሆነች። ስልኮቻችን ማታ ቡፌው ላይ ይሰበሰባሉ። የመጀመሪያው ሳምንት እጄ ይፈልገው ነበር፤ ኪሴን እየዳሰስኩ። በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፍ መጣ።

ለሁሉም ቤት ይሠራል አልልም። ብቻውን የሚኖር ሰው አለ። ለእሱ ምናልባት በቀጠሮ የሚደውል አንድ ወዳጅ ይሆናል። ዋናው ነገር ክፉ ወሬን ሰው ከሰው አፍ እንዲሰማው ማድረግ ነው። የሰው ድምፅ ይለሰልሳል። ያቆማል። «በላህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው ነገር እጅን በሚያልቅ ሥራ መያዝ ነው። እናቴ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካኑን ሁሉ ትሞላለች፣ ሽሮ ትለቅማለች፣ ድፎ ትደፋለች። ድፎው ይበስላል። ያልቃል። ከእነዚያ ማብቂያ ከሌላቸው ቁጥሮች ፊት ለፊት፣ ጠዋት ተጀምሮ ማታ የሚያልቅ ነገር መኖሩ ራሱ ይደግፋል። የአንድን ሰው ጭንቀት ማቅለል ደግሞ የራስን ያቀልላል፤ ለዚህ ነው ዱቄት ሲያከፋፍሉ የዋሉ ልጆች ማታ ሲስቁ የምናያቸው።

ቃሉም ራሱ አሳስቶን ነበር። መጀመሪያ «ማኅበራዊ ርቀት» ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት ላይ «አካላዊ ርቀት» ወደሚለው ቀየረው፤ የሚራራቀው አካል እንጂ ልብ አይደለም ለማለት። የእኛ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ይህን ከድርጅቱ አልሰሙም፤ ግን ሠርተውታል። አራተኛ ፎቅ ላይ አራት በር ነው ያለው። ከሚያዝያ ጀምሮ ሁሉም በየራሱ ጀበና ያፈላና 11 ሰዓት ላይ በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ ይቆማል። ስኒ በእጅ፣ ማስክ አገጭ ላይ። ከበር እስከ በር ሁለት ሜትር ይሆናል። ወሬው እንደ ድሮው ይጣራል። «ኧረ ተይ!» ተመለሰ።

በግንቦት መጨረሻ ከፊት ለፊት በር ያሉት እናት ወንድማቸው ክፍለ ሀገር ሞተባቸው። በኮሮና አይደለም፣ የቆየ ሕመም ነበረበት። ልጃቸው ማታ ሰማ። አልነገራቸውም። የእድሩን ሰብሳቢ ጠራ፤ እኔንና ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን አንድ አባት ጨመረ። አራት ሆንን፤ አዋጁ የሚፈቅደውን ያህል። ደረጃው ላይ ቆመን መከርን። ቤት አንገባም። አናቅፋቸውም። ታዲያ ሲወድቁ ማን ይይዛቸዋል? ልጃቸው «እኔ ከእሳቸው ጋር ነው የምኖረው፣ እኔ እይዛቸዋለሁ» አለ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳን። ከፈቱ። ደረጃው ላይ ተራርቀን፣ ማስክ አድርገን ቆመናል። አንድ ቃል ሳንናገር «ወንድሜን!» አሉ።

ጩኸቱን የሰማ ሁሉ በየፎቁ በሩን ከፈተ። ማንም አልወረደም፣ ማንም አልወጣም። ሁሉም በየበሩ ቆሞ አለቀሰ። ከላይም ከታችም የለቅሶው ድምፅ በደረጃው መሐል ይመጣ ነበር። ሙሉ ሕንፃው አንድ ድንኳን ሆነ።

ሰባት ቀን እዝን በደጅ ነበር። ድስቱን በራቸው ላይ እናስቀምጣለን፣ እናንኳኳለን፣ ሁለት ደረጃ ወረድ ብለን እንጠብቃለን። ልጃቸው ይወስደዋል። እሳቸው ከውስጥ «ማን ነው?» ይላሉ፤ ስማችንን እንጠራለን፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት በሬን ስከፍት የእናቴ ድስት ታጥቦ ደጃችን ላይ ተቀምጧል። ውስጡ አንድ ጭብጥ ጥሬ ቡና ነበር።